ጠበል የጠጣው መጽሐፍ

ወላጅ የማይፈራው ነገር የለም። ልጁ ካላነበበ ይፈራል፤ ካነበበ ደግሞ ምን እንዳነበበ ይፈራል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ።

የአሥር ዓመቷ ልጄ ሳምራዊት ከትምህርት ቤቷ አንድ ወፍራም የልጆች ልብ ወለድ ተውሳ መጣች። ብገልጠው ጠንቋይ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ድግምት በየገጹ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ ላደገ ሰው ይሄ ቀልድ ነው እንዴ? እርግጥ እኛም ጅብ ስለሚሆን ሰው እየሰማን ነው ያደግነው፤ ግን የራሳችን ተረት ስለሆነ ምንም አላደረገንም። (ሲጨልም ብቻዬን ጓሮ መውጣት እስካሁን እፈራለሁ፤ እሱን ተዉት።)

እውነቱን ልናገር? ያናደደኝ ድግምቱ አልነበረም። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። ከዚያ ወዲህ እኔም ወሬ እምብዛም አይሆንልኝም። ልጅቷ መጽሐፉ ውስጥ ስትሰምጥ እኔ ከሬዲዮዬ ጋር ቀረሁ። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ በመጽሐፍ ያስቀናል።

እሑድ እሷ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትሄድ ጠብቄ የጠበሉን ጀሪካን አነሳሁና መጽሐፉን ረጨሁት። ሦስት ጠብታ ይበቃው ነበር፤ ንዴት ግን መች ልክ ያውቃል? እንደተነከረ ዳቦ አበጠ። ፀሐይ ላይ ባሰጣው የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ተጣብቀው ቀሩ።

ሳምሪ መጥታ አየችው። የተጣበቁትን ገጾች በጥፍሯ ሞክራ፣ እንግዲህ መጨረሻውን አንተ ትነግረኛለህ አለችኝ። ምን ይደረግ? ጠንቋይዋን አሥራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ አቆምኳት፤ ክንፋሙን ፈረስ አጠና ተራ ወስጄ እንጨት አሸከምኩት። ድግምት ሲያልቅብኝ ራሴ እየፈጠርኩ ደገምኩ፤ ይቅር ይበለኝ። በየቀኑ እራት እስኪበስል አወራለሁ፣ ልጄ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ሬዲዮው ተረሳ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥፋቴን ልናዘዝ መጽሐፉን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ አስካለ ያበጠውን መጽሐፍ እያገላበጡ፣ ልጅህ እኮ ይህን ስትዋስ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፣ መጨረሻውን በቃሏ ታነበንበዋለች አሉኝ።

እቤት ገብቼ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ ከነገርኩህ ማውራት ታቆማለህ ብዬ ነዋ አለችኝ።