አስራ አንዱ እባብና የጥሻው ጉዳይ

የዱር እባቦች ጥናትና ጥበቃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡20 (ጥሪው ለ2፡30 ነበር)
ቦታ፦ ከጥሻው አጥር ጎን ያለው አዳራሽ
የተገኙ፦
1. ጡረተኛው መምህር፣ ሰብሳቢ
2. እትዬ አዋላጇ
3. ልብስ ሰፊው
4. ሰዓት ሠሪው፣ ጸሐፊ (ይኸው እኔ)

ከሰባት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሦስት ወር ቆጠራ
ነዋሪው ያየውን እባብ ሳይነካ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ባስተማርነው መሠረት አስራ አንድ እባብ መመዝገቡ ተገለጸ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ እባብ እስካለበት ድረስ ጥሻውን ላለመመንጠር መስማማቱን ሰብሳቢው አስታወሱ፤ ኮሚቴው ለራሱ አጨበጨበ። ጸሐፊው «እባብ አትግደሉ» የሚለውን ሰሌዳ በገዛ እጁ ጽፎ በአዳራሹ ደጃፍ ስላቆመ ለብቻው ተጨበጨበለት። ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ትሕትና መስሏቸዋል።

አጀንዳ 2፦ የተመራማሪዋ ደብዳቤ
ነዋሪው ፎቶዎቹን የሚልክላት የእባብ ተመራማሪ የጻፈችው ተነበበ። በአስራ አንዱም ፎቶ ላይ ያለው ያው አንድ ጅራተ ቆራጣ እባብ ነው ይላል። ልብስ ሰፊው «እሱማ የእኔ ነው፤ ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ሲል፣ እትዬ «ሂድ ወዲያ! ያንተ ፎቶ ላይ ያለው አውራ ጣትህ ነው» ማለታቸው ተመዝግቧል። ሰብሳቢው ለማስታረቅ ብለው «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» በማለታቸው ጠቡ ባሰ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ያለን አንድ ስለሆነ እንደ ዓይን ብሌን እንዲጠበቅ፣ ጠባቂውም ጸሐፊው እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ጸሐፊው የሚናገረው እንዳለው ገልጾ መጀመሪያ ውሃ ጠየቀ። ዛሬ ጠዋት አዳራሹን ሊከፍት ሲመጣ የበሩ ደፍ ላይ እባብ ማግኘቱን፣ «ኡኡ!» ማለቱን፣ እጁ የገባውን አንስቶ መምታቱን፣ ልቡ ሲመለስ የያዘው ያንኑ ሰሌዳ ሆኖ ማግኘቱን አስረዳ። ጅራቱስ ተብሎ ተጠየቀ። ቆራጣ ነው ሲል መለሰ።

ልብስ ሰፊው፣ ጸሐፊው ይባረር አለ። እትዬ «ቆይ፣ መጀመሪያ እባብ ገድሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ» አሉ። የሰብሳቢው እጅ ብድግ ብሎ ነበር፤ ራሳቸውን አክኮ ተመለሰ። ሌላ እጅ አልወጣም። እትዬ ሦስት መግደላቸውን፣ አንዱንም የገደሉት በመጥበሻ መሆኑን አመኑ። «እኔን አፈር ያስበላኝ! ምን አደረገኝ? ውሃ ነበር እኮ የሚጠጣው» ብለው አለቀሱ። ጸሐፊውም አብሮ አልቅሷል፤ እዚህ ጋ ቀለሙ የተበላሸው ለዚህ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦
በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ጭብጨባው ጭምር። ለተመራማሪዋ እውነቱ ይጻፍላት፤ ጥሻው ሳይመነጠር ሌላ እባብ ይኖር እንደሆነ ትፈልግልን። ሰሌዳው ከደጃፍ ተነስቶ አዳራሹ ውስጥ ይሰቀል፤ ፊቱም ወደ እኛ ይዙር።

ስብሰባው 5፡10 ላይ ተበተነ። ጸሐፊው ሰሌዳውን አጥቦ ሰቅሏል።