የቬኒያሚን ሳቪች «አንዴ ብቻ»

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ነገር ካማረ በኋላ እጁን የማይሰበስብ አንድ ሰው አይጠፋም። የብረት ከተማችን ማግኒቶጎርስክ ግን የዚህን ወገን አለቃ የሰጠችው ለእኛ ቤተ ሙከራ ነው፤ ክቡርነታቸውን ቬኒያሚን ሳቪችን።

ሥራችን ይህ ነው፦ ውስጡ ብረት፣ ላዩ መዳብ የሆነ ሽቦ በጎባጣ ቀዳዳ ውስጥ በግድ ይሳባል። ባለፈ ቁጥር የውስጥ ቅንጣቶቹ እየደቀቁ፣ ሽቦው እየጠነከረ ይሄዳል። ክቡርነታቸው ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። «አንዴ ብቻ እናሳልፈው!» ይላሉ፤ ካሳለፉትም በኋላ ይህንኑ ይደግማሉ።

በበጋ ቤታቸው የኪያር ጠርሙስ ክዳን ሲያጠብቁ የጠርሙሱን አንገት ይዘው ቀርተዋል። በእንፋሎት መታጠቢያቸው የጋለው ድንጋይ ላይ «አንዴ ብቻ» ውኃ ሲጨምሩ፣ የተከበሩ እንግዶች ራቁታቸውን ወደ በረዶው ሸሽተዋል። ባለቤታቸው ታይሲያ፣ «ጨው የምደብቀው ከልጅ ልጆቼ መስሏችኋል? ከኚህ ሽማግሌ ነው!» ይላሉ።

የመመረቂያ ጥናቴን በገምጋሚዎች ፊት የማቀርብበት ቀን ሲቃረብ፣ ለማሳያ የቀረኝ አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ክቡርነታቸው አገላብጠው አዩት።

«አንዴ ብቻ፣ ጉዜልዬ። ይጠነክራል።»

«ቬኒያሚን ሳቪች... ምናልባት...»

«ምናልባት የሚባል ብረት የለም! ያዢልኝ!»

ያዝሁላቸው። ሽቦው አለፈ፤ መዳቡም እንደ ቋሊማ ልጣጭ ተገሸለጠ። እኔ አለቀስሁ። እርሳቸው የተገሸለጠውን ሽቦ ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

በማግሥቱ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ ፊታቸው የማይፈታው ኦሲፕ ማትቬይች፣ ጥናቴን ገለጥ አድርገው፣ «ከዚህ በላይ ቢሳብ መዳቡ ይላቀቃል ብለሻል። ማስረጃሽ የታለ?» አሉኝ።

ማሳያዬ ተበላሽቷል ልል ስል፣ ከኋላው ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ማስረጃው እኔ ነኝ።»

ቬኒያሚን ሳቪች ሽቦውን ከፍ አድርገው ቆመዋል። «ልጅቱ ‹ይብቃ› አለችኝ፤ እኔ ጅሉ አልሰማሁም። ይኸውና፣ ተላቀቀ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦሲፕ ማትቬይች እንኳ አፋቸውን በወረቀት ሸፈኑ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ያን ዕለት ከአፌ የወጣው «ምናልባት» ብቻ እንደ ነበር የምናውቀው ሁለታችን ነን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስህተት አምነው የማያውቁት ሰው፣ ያልነበረኝን ድፍረት በሰው ፊት ሰጡኝ።

ማለፌ ሲነገር መጀመሪያ ሄጄ ያቀፍሁት እርሳቸውን ነው። አጥብቀው አቀፉኝ፤ አሁንም አጠበቁ፤ የጎድን አጥንቴ ተንቋቋ። «ይብቃ» ግን አላልኋቸውም።