ኮቱ ሰው ሊያሰፋ የሄደበት ዕለት

ሰው ሕልም የሚያየው አልጋው ላይ ነው። አቶ ደምሰው ግን ሕልማቸውን ያዩት ትናንት ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ደሴ ውስጥ፣ በልብስ ሰፊው በኸድር ሱቅ፣ ለደንበኛ በተቀመጠች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ምሳቸው ሽሮ ነበር፤ በርከት ያለ ሽሮ። ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ ለሽሮው ብንሰጠው ግፍ አይሆንብንም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እሁድ ልጃቸው ትርሲት ትዳራለች። አቶ ደምሰው ደግሞ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ራሳቸው ሲሞሸሩ የለበሱት ቡናማ ኮት ከነሱሪው አላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የዚያን ኮት ክንድ ይዘው ቆመዋል። አቶ ደምሰው እሁድ ትርሲትም ያንኑ ክንድ ይዛ ከቤት እንድትወጣ ይፈልጋሉ። ከሠርጉ ሁሉ የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ድንኳኑንም፣ ጠጁንም፣ የአማቾቻቸውንም ዘመድ ብዛት ለሌላው ትተውለታል።

ችግሩ ኮቱ ሆዳቸው ላይ መቆለፍ ከተወ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ወይዘሮ አስካለ "ልክህን ስጥና አዲስ አሰፋ፤ በሰው ፊት አታዋርደኝ" ይሏቸዋል። እሳቸው "ኮቱ ነው እንጂ የጠበበው፣ እኔማ ያው ነኝ" ይላሉ። ኸድር ኮቱን ገልብጦ ገበሩን ካየ በኋላ "ጋሽ ደምሰው፣ ማስፋትም ይቻላል፣ አዲስ መስፋትም ይቻላል" አላቸው። "ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁርጡን ይንገሩኝ። ከዚያ በኋላ ወላሂ መቀስ አላነሳም።" የሙሽራው የይትባረክ ልብስም እዚሁ ነው የሚሰፋው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ነገ ይደርሳል" ሲባል ከርሟል።

አቶ ደምሰው "ትንሽ ላስብበት" ብለው ኮቱን መስቀያ ላይ ሰቀሉና ዓይናቸውን ከደኑ። ማሰባቸው ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

መጀመሪያ ያዩት ዝናብ ነው። አንድ ጃንጥላ ሰውዬ ዘርግቶ በሸዋ በር በኩል ይወርዳል። ሰውየው እጅና እግሩን ዘርግቶ ከላይ ይበሰብሳል፤ ጃንጥላው ከሥር ጠብ አላለበትም። ከኋላው የተማሪ ዩኒፎርም አንዲት ልጅ እየጎተተ ይቆጣል። "ባለፈው መስከረም ነው ያወጣሁሽ! እንዴት በዓመትሽ ታድጊብኛለሽ? እኔ የሰው ፋብሪካ አለኝ? ለታናሼ ነው የማወርስሽ!" ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች።

አቶ ደምሰው በዚህ ሁሉ አልተገረሙም። የገረማቸው የራሳቸው ነገር ነው፤ እየሄዱ አይደለም፣ ተይዘው ነው። ቡናማው ኮት ሱሪውን አስከትሎ፣ እሳቸውን አጣጥፎ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓቸዋል።

ኸድር ሱቅ ገቡ። በግድግዳው ዙሪያ ሰዎች በየመስቀያው ተሰቅለዋል፤ ደረታቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት በስፒል ተይዟል። አንዱ "ይጠር፤ ለማክሰኞ" ይላል። ሌላው "ጉልበቱ ተቀዷል፤ ይጣፍ" ይላል። አግዳሚዋ ላይ ሱሪዎች እግራቸውን አነባብረው ተራ ይጠብቃሉ። ስፌት መኪናዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የኸድርን እግር እየረገጠች ታንቀሳቅሰዋለች፤ ኸድር በአፉ "ትርርርር" ይላል።

ኮቱን ሲያይ ትርርታውን አቋርጦ እጅ ነሳ።

"ኖር፣ ጋሽ ኮት! ምነው እንዲህ ጠፉ?"

"ይቺን ሰውዬ ይዤልህ መጥቼ ነው" አለ ኮቱ፣ አቶ ደምሰውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ለበስኩት። ድሮ ልክክ ይልልኝ ነበር። አሁን ሆዱ አልቆለፍ አለኝ። እሁድ ደግሞ ሠርግ አለብኝ።"

"የጠበብከው አንተ ነህ እንጂ እኔማ . . ." ብለው ጀመሩ አቶ ደምሰው።

"ዝም በል፣ አንተ!" አላቸው ኸድር። ቅድም "ጋሼ፣ ጋሼ" ሲላቸው የነበረው ኸድር፣ አንተ አላቸው! "ልብስ ሲነጋገር ሰው ጥልቅ አይልም።"

ጆሯቸውን ይዞ ገልበጥ አደረገና ውስጥ ውስጡን አየ።

"ገበሩ ደህና ነው" አለ። "ትርፍ ግን የለውም። ጥሩ ሰፊ ኋላ ለማስፋት ሁለት ጣት ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። ይኼኛው ያለውን ሁሉ ራሱ ለቆ ጨርሶታል።"

"እንግዲያው ይጥበብ።"

"ይጠባል። ከግራ ሦስት ጣት፣ ከቀኝ ሦስት ጣት እናስገባለን።" ኸድር በጠመኔ ሆዳቸው ላይ መስመር አሰመረ። ጠመኔው ኮረኮራቸውና ሳቁ። "ሲስቅ ደግሞ ይሰፋል፤ እንዴት ያለ ዕቃ ነው!" ብሎ አጉረመረመ። "አገጩ ሁለት ነው። አንዱን ቆርጠን ለክርኑ መጣፊያ እናደርገዋለን።"

"ምላሱስ? ነገር ያበዛል።"

"እንደ ሱሪ ግርጌ ነው፤ አጥፎ መጥለፍ ነው።"

ኮቱ እጅጌውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አንድ ሱሪ ከአግዳሚዋ ላይ "እኔ ብሆን አልለፋም ነበር፤ አሮጌ ሰው ቢጥፉት ቢጥፉት መልሶ ይቀደዳል" ሲል ምክር ጣለ። ኮቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አዲስ ሰው ባሰፋስ?"

አቶ ደምሰው ልባቸው ድንግጥ አለ። ማጥበቡን ችለውት ነበር። ያማል እንጂ ከሠርጉ አያስቀርም።

ኸድር ፊቱ በራ፤ ወፍራም ካታሎግ አወጣ። "በልክ የተሠራ ሰው ሌላ ነገር ነው! ከእርስዎ ተነስተን ነው የምንቀደው። ትከሻው በትከሻዎ፣ ወገቡ በወገብዎ።"

"የማያንኮራፋ ይኖራል?"

"በትዕዛዝ ይገባል።"

"'ኮቱ ነው የጠበበው' የማይል?"

"እሱን ዓይነት ማምረት ትተናል።"

"እኔስ?" ብለው ጮኹ አቶ ደምሰው ከጠረጴዛው ላይ። "እኔ ምን ልሆን ነው?"

"ቁራጭ አይጣልም" አለ ኸድር ሊያጽናናቸው። "ትራስ ይወጣሃል።"

በዚህ መሀል ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሄደ። የሳሎናቸው ፎቶግራፍ እዚያ ተሰቅሏል። የሃያ ሁለት ዓመቷ አስካለ ከነቬሏ ከመስታወቱ ብቅ ብላ ነገሩን ታዳምጣለች።

"አስካለ! ንገሪያቸው እንጂ! ያገባሽው ማንን ነው?"

አስካለ ኮቱን አየች። እሳቸውን አየች። እንደገና ኮቱን አየች።

"እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ኮቱ ላይ ነው። አንተ ውስጡ ነበርክ።"

አቶ ደምሰው ከጠረጴዛው ወርደው ወለሉ ላይ ተደፉ። ዕድሜያቸውን፣ ወግ ማዕረጋቸውን፣ ያን ሁሉ ተሰቅሎ የሚያያቸውን ሰው ረሱ። የሱሪውን ጉልበት ሳሙ።

"አጥብበኝ፣ ቁረጠኝ፣ ከፈለግህ ሁለቱንም አገጭ ውሰድ! ብቻ አትተካኝ። ልጄ እሁድ ያንተን ክንድ ስትይዝ እኔ ውስጡ ልሁን።"

በአገራችን ጉልበቱን የተሳመ ሰው ሳይመርቅ አይቀርም፤ ከመረቀ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ የለም። ኮቱ ግን አልመረቃቸውም። በላያቸው ተሻግሮ ኸድርን "መቼ ይደርሳል?" አለው።

"ማጥበቡ?"

"አዲሱ።"

"ነገ" አለ ኸድር። ዓለም ቢገለበጥ የልብስ ሰፊ ነገ አይገለበጥም። መቀሱን አነሳ፤ አቶ ደምሰው አሁንም የሱሪውን ጉልበት የሙጥኝ እንዳሉ ነው።

ከዚያ የተሳመው ጉልበት የራሳቸው ሆነ።

"ይባርክህ ልጄ፣ ያሳድግህ፣ ከክፉ ይሰውርህ" አሉ አቶ ደምሰው፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ። የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ጉልበቱ ሲሳም የሚመርቀው አፉ ነው፤ እሱን አያማክረውም።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ኮቱ ፊታቸው ተንበርክኳል። ውስጡ ሰው አለ። ትከሻው በትከሻው፣ ወገቡ በወገቡ ልክክ ብሏል። ሕልሙ ያላለቀ መስሏቸው ሆዳቸውን ዳበሱ፤ ሆዳቸው በቦታው ነው፤ የጠመኔም ምልክት የለበትም። ሙሽራው ይትባረክ ቀና ብሎ አያቸው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። በራስዎ ሠርግ የለበሱትን ለእኔ! አባቴ በሕይወት ቢኖር እንኳ ይህን አያደርግልኝም። ኸድር ነው የነገረኝ፤ መርፌ ሳይነካው ልኬ ሆነ።"

አቶ ደምሰው ኸድርን አዩት። ኸድር ጣሪያውን አየ። ጠረጴዛው ላይ የይትባረክ ጨርቅ ከሱቅ እንደመጣ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መቀስ አልቀመሰም። ልጁ ከእጮኛው ጋር ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ጭንቅ የያዘው ኸድር ዓይኑ መስቀያው ላይ አረፈና "አማትህ ይዘውልህ መጥተዋል" ብሎ ነበር የተገላገለው።

"የእኔ ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን መርቀዋል። አስተኝተው የሰረቋቸው ምርቃት ቢሆንም ምርቃት ነው፤ ጉልበቱን አስሞ፣ ባርኮ፣ ከዚያ "ልብሴን አውልቅ" የሚል አባት ደሴ ገና አልወለደችም። አፋቸውን መልሰው ገጠሙት።

"አባዬ፣ ፎቶውን እኮ ነው የሚመስለው!" አለች ትርሲት። እጇን በኮቱ ክንድ ውስጥ አስገባችና ልክ እንደ እናቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆመች። አቶ ደምሰው ለማየት የተመኙት ይኸው ነበር። ምንም የጎደለው የለም፣ ከእሳቸው በቀር። ቅናታቸውም ደስታቸውም እኩል መጣና አንዱን ከሌላው መለየት አቃታቸው፤ "ያምራል" አሉ። ልጆቹ እየሳቁ ወጡ፤ ኮቱም አብሯቸው ሄደ፤ ዞር ብሎም አላያቸው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል። ኸድር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ጎናቸው ቁጭ አለ።

"በቃ ለእርስዎ አዲስ ነው፣ ጋሼ። ተኝተው ሳለ ለክቼዎት ጨርሻለሁ። ሁለት ጣትም ትርፍ እተውበታለሁ፤ ልጅ የዳረ ሰው ይሰፋል።"

"መቼ ይደርሳል?"

"ወላሂ፣ ነገ።"