ጋሼ ደሳለኝ ብልጭታን የፈተኑበት ሳምንት

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አሮጌው ፍሪጅ ባረፈ በሦስተኛው ወር፣ በወርኃ ሰኔ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የለስላሳውን ጠርሙስ እንደ ሻይ ብርጭቆ በምታሞቅበት ወራት፣ ደሳለኝ ዘብሔረ ሸዋ ሮቢት፣ ፈታሔ ቆርኪ፣ ዐቃቤ መናኸሪያ፣ የጥማተኞች ተስፋ፣ በለስላሳ ሱቃቸው በተሾሙ በሃያ ሁለተኛው ዓመት አንድ ታላቅ ሐሳብ በልባቸው አደረ። ብልጭታ ክፍያ የሚባለው፣ ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፈው ኩባንያ፣ አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ነበርና። የሽያጩ ማብቂያ ቅዳሜ ሰኔ ፲፫ ቀን እኩለ ቀን ነበረ፤ ትንሹ ግዢ ሃምሳ ሺህ ብር ነበረ፤ በእጃቸው ያለውም ሃምሳ አንድ ሺህ ብር ነበረ፤ እርሱም ለአዲስ ፍሪጅ ተብሎ በሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነበረ።

ፍሪጁም የቅንጦት ነገር አልነበረም። የደሴ አውቶቡስ መንገደኞች ወርደው ያንን የሞቀ ለስላሳ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው፣ ቀሪውን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ምንም ሳይናገሩ ይሄዱ ነበርና። ጋሼ ደሳለኝም ሰው ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር፤ ዝም ብሎ መሄዱ ግን ያሳፍራቸው ነበር። ስለዚህም ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ፣ በቤትም በሱቅም ቃላቸው የማይታጠፈው፣ በሱቁ ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ይስሙኝ። ብሩ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን የእርስዎ ነው፤ እንዳሻዎ ያስቡበት። ከዚያ በኋላ ግን የፍሪጅ ነው፤ አክሲዮን የምትባል ቃልም እዚህ ቤት አልሰማም።»

ጋሼ ደሳለኝም አዋጁን ሰምተው እጅ ነሡ። ወዲያውም ብሩን ሁሉ ወደ ስልካቸው አስገብተው በበኩላቸው ዐወጁ፦

«ሳልፈትነው ብሬን አልሰጠውም። እስከ ቅዳሜ ድረስ የወረቀት ብር በእጄ አልነካም፤ ከማንም አልቀበልም። በብልጭታ ብቻ እኖራለሁ።»

በዚህም አዋጅ ምክንያት ማክሰኞ ዕለት፣ የባጃጁ ሾፌር ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር፣ ከሽንኩርት ተራ እስከ ቤታቸው ድረስ በዚያ ሐሩር በእግራቸው ሄዱ። ላባቸውንም እየጠረጉ ይህ የኩባንያው ጥፋት አይደለም ሲሉ ለራሳቸው ፈረዱ።

ወእምዝ፣ በሰኔ ፲ ቀን፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ኩባንያው ከሰፈራቸው ርቆም ይሠራ እንደሆነ ለማየት፣ ምሳ ልጋብዛችሁ ብለው ወዳጆቻቸውን አስከትለው ወደ ጀውሃ ዘመቱ። የሠራዊቱም ቁጥር ይህ ነው፤ በመሪው ላይ መስፍን ሊቀ አይሱዙ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ፍሬን ሳይነካ ወረደ እየተባለ የሚወራለት፣ ወሬውንም ራሱ የሚያወራው፤ በመካከል ሙሄ፣ የይፋት ቆላ ማሾ ሁሉ በእጁ የሚያልፍ ነጋዴ፣ ከአሊዩ አምባ የግመል ነጋዴዎች ዘር የሚቆጠር፤ በመስኮቱ በኩል ራሳቸው ጋሼ ደሳለኝ፤ በስተኋላም አርባ ባዶ የሽንኩርት ጆንያ፣ አንድ ትርፍ ጎማ፣ አንድ ክሪክ፣ ከየት እንደተሳፈረች ያልታወቀች አንዲት ዶሮ።

በጀውሃም በእትዬ ሮማን ምግብ ቤት ሰፈሩ። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ የማን ሥጋ ይቅረብ የሚል ጥያቄ ሳይነሣ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ በያይነቱ በሉ። ሒሳቡ ዘጠኝ መቶ ብር ሆነ። በወረቀት ብር ዘመን እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚከፈለው በትግል ነበረ፤ እጅ ይጠመዘዝ ነበር፣ ኪስ ይያዝ ነበር፣ በሞቴ ይባል ነበር፣ አንዳንዴም የሸሚዝ ቁልፍ ይበጠስ ነበር። በዚህ ዘመን ግን ጦርነቱ በስውር ሆነ። ጋሼ ደሳለኝ እጄን ልታጠብ ብለው ቧንቧው ሥር ቆመው ከፈሉ። ሙሄ ዙህር ልስገድ ብሎ ወጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ከፈለ። መስፍን ጎማ ልይ ብሎ ጎማውን ተደግፎ ከፈለ። የእትዬ ሮማንም ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ እርሳቸውም ከወጥ ቤት ወጥተው ዐወጁ፦

«እኔ አንድ ምሳ ሦስት ጊዜ አልሸጥም። ቀድሞ የገባው የጋሼ ደሳለኝ ነው፤ የሁለታችሁን መልሼላችኋለሁ።»

ሙሄና መስፍንም አፈሩ። መኪናው ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ሁለቱም ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ መቶ ብር ወደ ጋሼ ደሳለኝ ላኩ። ጋሼ ደሳለኝም ጋባዥ ነኝና ብለው መለሱላቸው። ሐሙስ ጠዋት ብሩ ተመልሶ መጣ፤ ተመልሶም ሄደ። ሐሙስ ማታም፣ ዓርብ ጠዋትም፣ ዓርብ ማታም እንዲሁ ሆነ፤ ብልጭታም ከላኪው ሁሉ፣ በላከ ቁጥር፣ ዐሥር ዐሥር ብር የአገልግሎት ይቆርጥ ነበር። ሙሄም ይህን ባየ ጊዜ በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ እንዲህ ብሎ ተናገረ፦

«ጋሼ ደሳለኝ፣ ወላሂ ይህ ኬላ ነው። አያቶቼ አሊዩ አምባ ሲወርዱም ሲወጡም ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። ቀራጩ ግመል የለውም፣ ጨው የለውም፣ አይደክምም፤ ግን ሁልጊዜ ይበላል።»

ጋሼ ደሳለኝም ይህን ሰምተው እጅግ ደስ አላቸው። ለመክፈል በሚታገል አገር የክፍያ ኬላ የያዘ ሰው እንዴት ይከስራል ሲሉ አሰቡ። አክሲዮኑን ለመግዛትም ቈረጡ። ያ ዐሥር ዐሥር ብር ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግን በዚያ ደስታ መካከል አላሰቡትም።

ወበዕለተ ቅዳሜ፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ወደ ብልጭታ ወኪል ቢሮ ገቡ። ወኪሏ ወይዘሪት ኤልሳቤጥ ሦስት ፎቶግራፍ፣ አራት ፊርማና አንድ የጣት አሻራ በወረቀት ላይ ተቀበለቻቸው፤ ኩባንያው ወረቀት አስቀራለሁ የሚል ነበረና ጋሼ ደሳለኝ በዚህ ጥቂት ተገረሙ። ከዚያም ስልካቸው ታየ። አርባ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ብር ሆነ። ምሳው ወጥቶ፣ ኬላውም ሲቀርጥ ሰንብቶ፣ ዐሥር ብር ጐደለ።

ኤልሳቤጥም አዝና ከቦርሳዋ የዐሥር ብር ኖት አውጥታ ዘረጋችላቸው። እርሳቸው ግን ወረቀት ላለመንካት ዐውጀዋል፤ ደግሞስ ሴት ልጅ እየከፈለችላቸው እንዴት ባለአክሲዮን ይባላሉ። ኪሳቸው ባዶ ነበረ። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቀረው።

ወበይእቲ ሰዓት ስልካቸው ጮኸ። ከሙሄ ዘጠኝ መቶ ብር ገባ፤ ከሥሩም «ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይህችን እንኳ ይቀበሉኝ» የሚል ቃል ነበረ።

እነሆ ብሩ ሞላ፤ ተረፈም። ጋሼ ደሳለኝ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። እውነቱን ለመጻፍ፣ አክሲዮኑን እጅግ ፈልገውት ነበር፤ ሌሊት በሕልማቸው ሳይቀር ኬላው ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን ብሩን ቢቀበሉ ደሳለኝ ጋብዞ አስከፈለ መባሉ ነው፤ ይህም በአንድ ቀን ከጀውሃ እስከ ደብረ ሲና ይሰማል። የሰው አፍ እንኳ ቢዘጋ እርሳቸው ያውቁታል። ኤልሳቤጥ ለመጨረሻው ፊርማ ብዕሩን ስታቀርብላቸው እርሳቸው አውራ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ፤ ዘጠኝ መቶውንም ብር ለሙሄ መለሱ። ዐሥር ብር ተቆረጠ። ስድስት ሰዓትም ሆነ።

ወይዘሮ እቴነሽ ባላቸው ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አይተው ነገሩን ዐወቁ፤ ሳቃቸውንም በነጠላቸው ሸፈኑ። በዚያው ከሰዓት ፍሪጁ ተገዛ፤ በመስፍን አይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ መስፍንም የጭነት አልቀበልም ብሎ እንደ ልማዱ ተጣላ።

በማግሥቱ ከደሴ አውቶቡስ የወረደ አንድ ሽማግሌ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተጎንጭቶ ዐይኑን ጨፈነ፤ ጠርሙሱንም ሳያስቀምጥ ጨረሰው። ጋሼ ደሳለኝ ወደ ጓዳ ገብተው ብቻቸውን ፈገግ አሉ። ማታ ሙሄና መስፍን መጥተው ጠጡ፤ ጠጥተውም ሲያበቁ አንዱ እጁን ሊታጠብ፣ አንዱ ጎማ ሊያይ ተነሣ። ያን ጊዜ ወይዘሮ እቴነሽ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«እዚህ ሱቅ ስልክ የሚያወጣ ሰው ሙቁን ይጠጣ።»

ሁለቱም ተቀመጡ።

ስለዚህ ደሳለኝ ዘሸዋ ሮቢት፣ አሸናፌ ፈተና፣ ከኬላው ጌትነት የጋባዥነትን ክብር የመረጡ፣ ስማቸው በመናኸሪያው ሁሉ ይመስገን። አክሲዮን የላቸውም፤ ቀዝቃዛ ግን አላቸው። ያ ዘጠኝ መቶ ብርም እስከ ዛሬ ድረስ በሦስቱ ወዳጆች መካከል ይመላለሳል፤ ብልጭታም በየምልልሱ ቀረጡን ይበላል።