ሳሎን ውስጥ የተሞላው ጀልባ

ዋና የማትችል ልጅ፣ አባቷ በሠራው ጀልባ ሐይቅ መሃል ስትደርስ ጀልባው ውሃ ቢያስገባ ማንን ትይዛለች? የሚጡ አያት ይህን ጥያቄ ይዘው አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ሰነበቱ፤ መልስ ግን ከየት ይምጣ!

ልጃቸው፣ የሚጡ አባት፣ የመምሪያ ኃላፊ ነው። የመምሪያ ኃላፊ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አይነገረውም። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ መግባባት ሳሎኑን ለጀልባ ግንባታ ለቀቀ። መግባባት ላይ የተደረሰውም እሱ ከተናገረ በኋላ ሌላ የተናገረ ስላልነበረ ነው። ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ተገፋ፤ ኮምፔርሳቶው ገባ። ከዚያ ወዲያ ራት ከሰጋቱራ ጋር መበላት ጀመረ፤ የኮላው ሽታ የሚያመጣው ራስ ማዞርም "የሽግግር ወቅት ተግዳሮት" ተባለ።

"እሑድ ሐይቁ ላይ ይመረቃል" ሲል አወጀ። "የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ሚጡ ናት።"

ሚጡ ዘለለች። የአያቷም ልብ ዘለለ፤ በደስታ ግን አይደለም።

"አንተ ልጅ፣ ውሃ ቢያስገባስ?"

"እማዬ፣ ውሃ ማስገባት በዕቅዱ ውስጥ አልተካተተም።"

"ውሃው ዕቅዱን አንብቦታል?"

"ልጅቷ እኮ ዋና አትችልም!" አለች ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ።

"ተሳፋሪ ዋና ከቻለማ ጀልባ ለምን ያስፈልጋል?" ብሎ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ረታቸው።

አያት ግን ልጃቸውን ያውቁታል። የሠራው መደርደሪያ ከነሳህኑ ወርዷል፤ የሠራው በርጩማ እንግዳ ጥሏል። እናም ዘዴ ዘየዱ።

"እስቲ መጀመሪያ እኛው ውሃ እንሙላበት። የሚያፈስ ከሆነ ወለሉ ይነግረናል።"

ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ጥቂት ቆይቶም የእሱ ሐሳብ ሆነ። ከኩሽናው ቧንቧ ጎማ ተዘረጋ። አያት መወልወያቸውን ይዘው፣ እንዲያፈስ እየተሳሉ ጎንበስ አሉ።

ጀልባው እስከ አፉ ሞላ። ጠብ ያለ ነገር የለም! ዕድሜ ልኩን ያልተሳካለት ሰው ምን ሲደረግ ዛሬ ይሳካለታል?

"የተከበራችሁ የቤተሰቡ አባላት!" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ጀልባችን ውሃ አያስገባም፤ እንደምታዩትም አያስወጣም።"

"አሁን እንዴት ሊነሳ ነው?" አለች ሚስቱ።

ገፋው። አብረው ገፉት። ፍንክች አላለም።

"በባልዲ እንቅዳው በቃ!"

"በባልዲ? ለሥራው ክብር አይመጥንም። አወጣጡ ይጠናል።"

አያት ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ውሃ የሞላ ጀልባ የትም አይሄድም። "እውነቱን ነው፣ ይጠና እንጂ!" አሉ፤ ልጃቸውን ደግፈው ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ምራታቸው ባልዲ ባነሳች ቁጥር "ተይ ልጄ፣ ጥናቱን እንዳታበላሺ" እያሉ መለሷት፤ ውሃው ጎደል ያለ ሲመስላቸው ደግሞ ማንም ሳያይ በጆግ ጨመሩበት።

እሑድ መጣ፤ እሑድ ሄደ፤ ጥናቱ ቀጠለ። አያትንም በመጨረሻ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጅን ከውሃ መጠበቅ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሳሎን ድምፅ መጣ። "አያቴ፣ ነይ እዪኝ!"

ሚጡ ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ በጭልፋ እየቀዘፈች፣ ጀልባው ውስጥ በተሞላው ውሃ ላይ ትንሸራሸራለች።

"ወይኔ ልጄን!"

የአያቷ ጩኸት አስደነገጣት መሰል ሳፋው ተገለበጠ። እናትየው ከኩሽና በርራ መጥታ እስከ ብብቷ እጇን ነክራ፣ ልጇን በቀሚሷ ጎትታ አወጣቻት። ሚጡ የጠጣችውን ተፋች፤ ከዚያ እሪታዋን ለቀቀችው።

ኃላፊው ደረሰ። ጎንበስ ብሎ የኮምፔርሳቶውን መገጣጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ።

"ይህን ሁሉ ንቅናቄ ችሎ" አለ በአድናቆት፣ "ደረቅ ነው!"



እናትየው ባሏን አየችው። አማቷንም አየቻቸው፤ እሳቸውን ያየችበት ረዘም አለ። ከዚያ ልጇን በጠረጴዛ ልብስ ጠቀለለች፣ ትንንሾቹን ጫማዎች ብብቷ ውስጥ ወሸቀች፣ ከቤት ወጣች።