የዕጢዎች ጠበቃ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ተቆጥቶ አያውቅም ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። በእሱ ቤት የተቆጣው ዕጢ ነው፤ ያኮረፈው የእንቅልፍ ሰዓት ነው። በእኛ ማተሚያ ቤት ይህን ወንበር የያዙት ክቡር የፈረቃ ተቆጣጣሪያችን ናቸው። «ዶክተር ዕጢ» እንላቸዋለን። ሕክምናውን የተማሩት ከሬዲዮ ነው።

የፈረቃ ድልድል የሚያወጡት ማን በስንት ሰዓት እንደሚያዛጋ መዝግበው ነው። ጠራዧ ስታለቅስ ቢያገኟት «አንቺ አይደለሽም፣ ሆርሞንሽ ነው» አሏት። ጣቷን ማሽን እንደቆነጠጣት ያወቁት ደሙን ሲያዩ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ የጭንቀት ሆርሞን ጧት ስለሚያይል ፈቃድ የሚጠየቀው ከምሳ በኋላ ነው ብለው አወጁ። ከምሳ በኋላ አሥራ አራት ሰው በሩ ላይ ተሰለፈ። ሥራ አስኪያጁ ያን ዕለት የጮኹትን ጩኸት አንድ ዕጢ ብቻውን አይችለውም።

ወደ እኔ የዞሩት ባለፈው ወር ነው። እኔ አራሚ ነኝ፤ ስህተት መልቀም ሥራዬ ነው። ታዲያ ቤቴም ገብቼ የሰው ስህተት መልቀም ጀምሬ ነበር። በትንሽ በትልቁ እጮሃለሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነግራኛለች። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ጠባይህን አርም ሲለኝ፣ እርሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ሰውነትህ ከበሽታ ጋር እየተዋጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ማየት ያስጠላል። ተመርመር» አሉኝ።

ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ከዚያ ወዲያ ልቤ አላረፈም። ፊደል እያረምኩ ዕጢ ፍለጋ አንገቴን እዳብሳለሁ። በሽታ እንዳይገኝብኝ እፈራለሁ፤ እንዳይታጣም እፈራለሁ። ባለቤቴም ውጤቱ እስኪታወቅ እታገሣለሁ ብላለች።

ውጤቱ የወጣ ቀን ክቡርነታቸው ፈቃድ ወስደው፣ ያውም በጧት ጠይቀው፣ አብረውኝ መጡ። ሐኪሟ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ደሜም ዕጢዬም ደህና መሆኑን ነገረችን። ጤነኛ ነኝ። የማሳብብበት ነገር አልቀረልኝም።

እርሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነሡም። «እባክዎ ዶክተር፣ እንደገና ይታይ። ይሄን ሰው ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ክፉ አይደለም» አሉ።

ይህን ስለ እኔ የሚል ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። እኔ ራሴ እንኳ ማለት ትቼ ነበር። ክንዳቸውን ይዤ አስወጣኋቸው፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ላቦራቶሪው ተሳስቷል እያሉ ተከራከሩኝ። አላመንኳቸውም፣ ግን ወደድኳቸው። ቤት ስገባ ለባለቤቴ በሽታ እንደሌለብኝ፣ ጥፋቱም የራሴ እንደሆነ ነገርኳት። እስካሁን እህቷ ዘንድ አልሄደችም።