ቅኝ ያልተገዛ አማች

ሰው የሚጠለፍበትን ገመድ ራሱ ይገምዳል፤ አንዳንዱ በእጁ፣ እኔ በምላሴ። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ የተባለው እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነኝ። ዘበኛ ብትሉኝም አልቀየምም። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ካሌዶኒያን ሮድ ካፌ ቁጭ ብዬ የአገር ሉዓላዊነት እጠብቃለሁ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ እዚያው፣ ልጄን ሶስናን የምድረው ቅኝ ተገዝቶ ለማያውቅ ሕዝብ ልጅ ብቻ ነው ብዬ ማልኩ። ብልጠቴ ገባችሁ? ሐበሻ አግቢ ማለቴ ነው፤ አድሎኛ እንዳልባል በታሪክ ጠቀለልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆሎዌይ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናትና የልጅ ልጆቼ በአማርኛ አያቴ ሳይሉኝ እንዳይቀሩ ፈርቼ ነው።

ከወራት በኋላ ሶስና እጮኛዬ ነው ብላ ሲዮኔን ይዛ መጣች። የቶንጋ ሰው ነው። ቶንጋ ምንድን ነው? እኔም መጀመሪያ የምግብ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለ የደሴቶች መንግሥት ነው። ሰውየው ከግዝፈቱ የተነሳ በራችንን በጎኑ ገባ። ወገቡ ላይ ደግሞ ሰሌን ታጥቋል! እኛ በሰሌን የምንጠቀልለው ሬሳ ነው፤ እነሱ የሚታጠቁት ታላቅ ሰው ሲያከብሩ ነው አሉ። ለእኔ መታጠቁ ነው። ልቤ ራራ፤ መልሼ አጠነከርኩት።

ሶስና መሐላዬን አስታወሰችኝና ቶንጋ ቅኝ ተገዝታ አታውቅም አለች። ንጉሣቸውም ዛሬም ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ሲዮኔ በትሕትና የእናንተስ ንጉሥ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። ወጥ ጨመርኩለት።

እጅ ከመስጠቴ በፊት ግን ስልኬን ቼክ አደረግኩ። አገኘሁ! ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋውለው፣ የውስጡን ራሳቸው እያስተዳደሩ፣ የውጭ ጉዳያቸውን እንግሊዝ ይዛላቸው ሰባ ዓመት ያህል ኖረዋል። በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበራችሁ ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ስለነበር ሲዮኔ ፈገግ አለልኝ።

ሶስና ግን አልሳቀችም። አባዬ ሶሪ፣ አንተ እኮ የዚያ መጋዘን ጥበቃ ከሆንክ አሥራ አምስት ዓመትህ ነው፤ ታዲያ መጋዘኑ መቼ ነው ያንተ የሆነው? አለችኝ።

መልስ ፍለጋ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሷ እኔን ሳትጠይቅ ከሲዮኔ ጋር የሰርጉን ቀን እየቆረጠች ነበር። ያኔ ገባኝ። የእኔም ቤት ቅኝ ተገዝቶ አያውቅም፤ የውጭ ጉዳዩን የያዘችው ግን እሷ ናት።